የደጋን ጌጥ

የጥጥ መንደፊያ ደጋን ያለ ጌጥም ይነድፋል። ታዲያ ሠሪው እንጨቱን ፈልፍሎ የቀንድ ወይም የነሐስ ፈርጥ ቢያስገባበት ከንቱ ውዳሴ መሻቱ ነውን? አይመስለንም። ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ለፈርጥ የሚሆን ዕንቁ ለመቅረጽና እንጨት ለመጥረብ ጭምር እንደ ነበረ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ይመሰክራል። እርግጥ ልክ አለው፤ ደጋኑ ሲወጠር በሚለጠጠው ጀርባው ላይ ጠልቆ ቢፈለፈል እንጨቱ ይሰነጠቃል። ጌጥ የሚያምርበት ወፍራሙ መጨበጫ ነው።

ከንቱነቱስ ሌላ ስፍራ ነው። በወላይታ የሸክላ ሠሪው፣ የቆዳ ፋቂውና የቀጥቃጩ ሥራ ከቤታችን ታጥቶ አያውቅም፤ ከእነርሱ ጋር መብላትና መጋባት ግን ለብዙ ዘመን እንደ ነውር ተቆጥሯል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ውድ ምእመናን፣ የእጁን ጌጥ እያደነቅን ሠሪውን ከማዕዳችን ካራቅነው፣ በቅዳሴ ከእርሱ ጋር ከአንዱ ኅብስት የምንካፈለው በምን ፊት ነው?