የእጅ ምስክርነት

በሐሰት መመስከር የአንደበት ኃጢአት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሰው አፉን ሳይከፍት በእጁ ብቻ በሐሰት ሊመሰክር ይችላል። የዮሴፍ ወንድሞች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቀሚሱን በፍየል ደም ነክረው ለአባታቸው አሳዩት እንጂ አውሬ በላው ብለው አልተናገሩም። ደሙ ዋሸላቸው፤ ያዕቆብም በሐሰተኛ ማስረጃ ብዙ ዘመን አለቀሰ።

በአንጻሩ ነቢዩ ዳንኤል በቤል ጣዖት ቤት ያደረገውን እናስተውል። ካህናተ ጣዖት ምግቡን የሚበላው ቤል ነው እያሉ ንጉሡን ባታለሉት ጊዜ፣ ዳንኤል በወለሉ ላይ ዐመድ አስነሰነሰ፤ በሩም በንጉሡ ማኅተም ታተመ። ሲነጋ ማኅተሙ እንደ ነበረ ተገኘ፤ በዐመዱ ላይ ግን የወንድ፣ የሴትና የሕፃናት ዱካ ታየ። ዳንኤል አንድ ዱካ አልጨመረም፤ አንድም አላጠፋም። የመሰከረው ዐመዱ ነው።

ዛሬ በፖሊስ ዘንድ የወንጀል ሥፍራን የሚመረምርና ማስረጃን የሚጠብቅ ሰው ሥራው ይህን ይመስላል። ሥፍራውን ይከልላል፤ ምንም ሳይነካ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የጣት አሻራ ይፈልጋል፤ ኤግዚቢት የሚባለውን ዕቃ አሽጎ ማን ከማን መቼ እንደ ተረከበው ይጽፋል። ደም የነካውን ልብስ አድርቆ በወረቀት ይጠቀልላል እንጂ እርጥቡን በላስቲክ አያሽግም፤ እርጥበት ያበላሸዋልና።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ይህ ሰው ተጠርጣሪው ወንጀለኛ መሆኑን በልቡ ቢያምን፣ ማስረጃው ግን ቢጐድል፣ ጥቂት ቢጨምርበት ፍትሕን አገለገለ ይባላልን? አይባልም። የልብ እርግጠኝነት ማየት አይደለም፤ ያዕቆብም እርግጠኛ ነበረ። ደግሞም ተጠርጣሪው በእውነት ገዳይ ቢሆን እንኳ፣ የተፈረደበት በሐሰት እንጂ በሥራው አይሆንም፤ ዳኛውም ሳያውቅ የሐሰት ተባባሪ ይሆናል። በዘመድነት፣ በጉቦ ወይም በርኅራኄ ማስረጃን ማጥፋትም ከመጨመር አያንስም።

ገዳዩ ቢያመልጥስ? የሟቹን ደም ማን ይመልሳል? የሚል አለ። ይህ የሟች እናት ጥያቄ ስለ ሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን የአቤል ደም ከምድር ሲጮኽ ሰሚ ነበረው። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. በግፍ የተገደሉት የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ከተቀበረበት ወጥቶ በክብር አርፏል። ከዚያም ወዲህ ከአርጀንቲና የመጡ የዐፅም መርማሪዎች በደርግ ዘመን የተገደሉትን ሰዎች መቃብር በጥንቃቄ ከፍተው፣ አጥንቱ ስለ አሟሟቱ እንዲመሰክር አድርገዋል። እውነት ይዘገይ ይሆናል እንጂ የሐሰት ረዳት አያሻውም።

ነገሩን ወደ ቶንጎ እናምጣው። በዚያ በማኦና ኮሞ ወረዳ ማኦው፣ ኮሞው፣ በርታውና ኦሮሞው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል። በክረምት አንድ ሰው በመንገድ ዳር ተገድሎ ተገኘ እንበል። ከመርማሪው አስቀድሞ ዝናብ ይደርሳል፤ ሕዝቡም ተሰብስቦ በዱካው ላይ ይቆማል። ከሁሉ ቀድሞ ግን ወሬ ይደርስና «የእነ እገሌ ወገን ገደለው» ይላል። እንዲህ ያለ ወሬ ምን እንደሚወልድ፣ በዚያው ክልል በመተከል በ2013 ዓ.ም. የንጹሐን ደም ሲፈስ የሰማን ሁሉ እናውቃለን። የአንዱን ሰው ኃጢአት በአንዱ ሰው ላይ አስቀርቶ ጎረቤቱን ከበቀል የሚያድን እውነተኛ ማስረጃ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ የሚደርስ አንድ የታሸገ ወረቀት፣ ማኅተሙ በታማኝ እጅ ከተጠበቀ፣ የብዙዎችን ሕይወት ይሸከማል።

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ከዚህ ነገር እኛም ድርሻ አለን። አሟሟቱ ያጠራጠረ ሰው ሲገኝ ለማጠብና ለመገነዝ አንቸኩል፤ ምርመራው እስኪፈጸም መታገሥ ለሟቹ ክብር እንጂ ንቀት አይደለም። ሕዝቡም ሥፍራውን እንዳይረግጥ፣ ይልቁንም ያላየውን እንዳይመሰክር እናስተምር። በዚህ ሥራ ላይ ያለ የንስሐ ልጅ ያለን እንደ ሆነ፣ «አንደበትህስ? እጅህስ?» ብለን ሁለቱንም እንጠይቀው።

የተሰወረውን የሚያይ አምላክ አንደበታችንንም እጃችንንም ከሐሰት ይጠብቅልን፤ አሜን።