ዳዊትን በራስ ላይ መድገም

ዳዊት መድገም በሀገራችን ሥር የሰደደ ልማድ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ዳዊትን ሳይዘልቅ ንባብ አወቀ አይባልም፤ ብዙ ምእመናንም መዝሙራቱን በሳምንቱ ቀናት ከፍለው ይደግማሉ። ከዚህ መልካም ልማድ ጎን ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ፤ ሰው ሲበድለን እግዚአብሔር እንዲቀጣልን «ዳዊት እደግምበታለሁ» እንላለን። አፋችን ሲጸልይ ልባችን ቂም ይቆጥራል።

ወገኖቼ፣ በግዕዙ ዳዊት 138ኛውን፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 139ኛውን መዝሙር እስቲ ረጋ ብለን እንየው። መዝሙረኛው መቀመጡንና መነሣቱን፣ ገና ከአንደበቱ ያልወጣውን ቃል እንኳ እግዚአብሔር እንደሚያውቅ በመናገር ይጀምራል። ሰማይ ቢወጣ፣ ሲኦል ቢወርድ ከእርሱ መሸሸጊያ የለውም፤ ጨለማም አይሰውረውም። በእናቱ ማኅፀን እንዴት እንደተሠራ እያሰበም ይደነቃል።

ከ19ኛው ቁጥር ጀምሮ ድምፁ ይለወጣል። በክፉዎች ላይ ይቆጣል፤ የእግዚአብሔርን ጠላቶች እንደሚጠላ ሳይሸሽግ ይናገራል። ብዙዎቻችን የምንቀረው እዚህ ላይ ነው። እርሱ ግን አልቀረም፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ወደ ራሱ ተመልሶ ልቡ እንዲመረመር፣ ሐሳቡ እንዲፈተን፣ በውስጡ ክፉ መንገድ እንዳለ እንዲታይና በዘላለም መንገድ እንዲመራ ይለምናል። የመዝሙሩ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ በሌላው ላይ የተቆጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ለምርመራ ያቅርብ።

እንግዲህ ይህን መዝሙር ለመጨረስ አንቸኩል። ቁጣው ካለበት ስንደርስ ቆም እንበልና በልባችን የማን ስም እንደመጣ እንወቅ። ያንን ስም አንሸሽገው። ቀጥለን የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ስለዚያ ሰው ሳይሆን ስለ ራሳችን እንድገም፤ በጠቡ ውስጥ የእኔ ድርሻ ምን ነበር? የተናገርሁት እውነት ነው ወይስ ጨምሬበታለሁ? የምፈልገው ፍትሕ ነው ወይስ የእርሱን ውርደት?

የተበደለ ሰው ዝም ይበል ማለቴ አይደለም። አቤት ማለት፣ ሽማግሌ መላክ፣ ዳኛ ፊት መቆም መብቱ ነው። ልቡን የመረመረ ሰው ግን አቤቱታው ከጥላቻ የጠራ ይሆናል፤ እውነቱን ሳያጋንን ይናገራል፣ እርቅ ሲመጣም በሩን አይዘጋም።

ምርመራው ጥፋታችንን ካሳየንም ንባቡ ብቻውን አይበቃም። ያማነው ካለ ሐሜታችንን ባወራንላቸው ሰዎች ፊት እናርም፤ የወሰድነው ካለ እንመልስ፤ የተኳረፍነው ካለ ቀድመን ደጁን እናንኳኳ። ዳዊት የደገመ ሰው በዚህ ይታወቅ።