ስለ ጋራ ጣራ

በሊበን ገጠር የጎጆው ክዳን ያረጀበት ገበሬ ክረምት ሳይገባ ሣሩን አጭዶ ይከድነዋል፤ የሚያፈሰው በራሱና በልጆቹ ላይ ነውና። ዳሩ ግን ጣራው የመቶ ሰው በሆነ ጊዜ ሊጠግነው የሚወጣ ማን ነው? ገንዘቡንስ የሚያወጣ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ለአናጢና ለግንበኛ ብቻ የሚቀርብ ይመስላል፤ ነገር ግን አጥብቆ ለሚመረምረው ሰው የፍትሕና የፍቅር ጥያቄ ነው።

በኢትዮጵያ ጥያቄው የበረታው፥ ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚለው የጋራ መኖሪያ ቤት ከተስፋፋ ወዲህ ነው። ሥራው በአዲስ አበባ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን፥ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ለሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያም በጀሞ፥ በልደታ፥ በየካ አባዶና በሌሎችም ሠፈሮች ተስፋፋ፤ ወደ ክልል ከተሞችም ደረሰ። የብዙው ሕንጻ ከፍታ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ነው። ሃያ ሰማንያ በተባለው ሥርዓት ገዢው ከዋጋው ከመቶ ሃያውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን ባንክ ያበድረዋል። ቤቱም የሚታደለው በዕጣ ነው። በዚህ ሥራ፥ በጠባብ ጭቃ ቤት ተጨናንቆ ይኖር የነበረ ብዙ ሰው ባለ ቤት ሆኗልና ሊመሰገን ይገባዋል። ደግሞም በ1995 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 370፥ ባለ ቤቶቹ ማኅበር አቁመው የጋራ የሆነውን ሁሉ እንዲያስተዳድሩ፥ ወጪውንም እንዲካፈሉ ደንግጓል።

ሕግ ግን ማኅበርን ሊያቆም ይችላል፤ ልብን ማስተባበር አይችልም። እያንዳንዱ ነዋሪ ከበሩ ውስጥ ያለውን ቀለም ቀብቶ፥ መጋረጃ ሰቅሎ ያሳምራል፤ ከበሩ ውጭ ያለው ደረጃ ግን አምፖሉ ከጠፋ ወር ይሞላዋል። ከላይ ቤት የሚንጠባጠበው ውሃ የታችኛውን ኮርኒስ ያበሰብሳል፤ የላይኛውም አላየሁም ይላል። ምድር ቤት የሚኖረው ጣራው አይነካኝም ሲል፥ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው የፍሳሹን ጉድጓድ አያስበውም። ቤቱን አከራይቶ በሌላ ሠፈር የሚኖረው ባለ ቤት፥ እኔ አልኖርበትም ይላል፤ ተከራዩም ቤቱ የእኔ አይደለም ይላል። እንዲህ ሁሉም ንጹሕ ነኝ ሲል ቤቱ ያረጃል።

የዚህ ነገር ፍጻሜ በሌላው ዓለም ታይቷል። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ፕሩት አይጎ የተባለ፥ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ ያላቸው 33 ሕንጻዎች የቆሙበት ሠፈር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ነበር። የጥገናው ገንዘብ ከነዋሪው ኪራይ እንዲወጣ ስለ ተወሰነ፥ ነዋሪው እያነሰ በሄደ ቁጥር ጥገናው ቀረ፤ አሳንሰሩም ተበላሸ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. በፈንጂ ይፈርስ ጀመር። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ግን አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል የተባሉ መሐንዲሶች ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ 530 መኖሪያዎች ያሉባቸውን ሦስት ያረጁ ሕንጻዎች ሳያፈርሱ፥ ነዋሪዎቹንም ሳያስለቅቁ፥ በየቤቱ ፊት ሰፊ ባለ መስተዋት ሰገነት ጨምረው በ2017 እ.ኤ.አ. አደሱላቸው። ሁለቱም ሠፈሮች የሲሚንቶና የብረት ሥራ ነበሩ። አንዱን የጣለው፥ ሌላውን ያነሣው፥ በውስጡ ለሚኖረው ሰው የተሰጠው ዋጋ ነው።

ይህ ሲባል ማፍረስ ፈጽሞ አይገባም ለማለት አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ደዌ ስለ ታየበት ቤት የተሠራው ሥርዓት ለዚህ መልካም መሪ ነው። ካህኑ ገብቶ ከማየቱ አስቀድሞ የሰውዬው ዕቃ እንዲወጣለት ያዝዛል፤ ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ደዌ ያለባቸውን ድንጋዮች አስወጥቶ፥ ምርጊቱን አስፍቆ፥ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ያስጠግነዋል። ደዌው ተመልሶ ቢመጣ ብቻ ቤቱ ይፈርሳል። እንግዲህ ማፍረስ የመጨረሻው ፍርድ ነው፤ ከፍርዱም በፊት የነዋሪው ንብረት ይታሰባል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለኮሪደር ልማት ሲባል የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ሲፈርሱ፥ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። የተሻለ ቤት ያገኘ አለ፤ ነገር ግን አልጋና ሣጥን በመኪና ይጫናል እንጂ ዕድርና ጉርብትና አይጫንም። የኮንዶሚኒየሙም የመታደስ ቀን ሲደርስ ይህ ሊዘነጋ አይገባውም።

የጋራ የሆነውን መጠበቅ ለሊበን ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የደብሩ ክዳን ሲያረጅ ምእመኑ ሣሩንና እንጨቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ይሰጣል። በጎጃም ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ዛፉ ባለቀበት ስፍራ፥ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የቀረው ደን የዚህ ጥበቃ ምስክር ነው። ተቃዋሚ ግን እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ደብሩን የሚጠብቀው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው፤ ገበሬውንም ለደቦና ለወንፈል የሚያስተባብረው ዝምድና ነው። በዕጣ የተሰበሰቡ እንግዶች በምን ይተሳሰራሉ?»

ክርክሩ ጽኑ ነው፤ ዳሩ ግን ዕድር መልስ ይሰጠዋል። በከተማ ዕድርን ያቆሙት ከየአገሩ የመጡ፥ በሥጋ የማይዛመዱ ሰዎች አይደሉምን? ለሙት ቀብር በየወሩ የሚያዋጣ ሕዝብ፥ በሕይወት ያለው ለሚጠለልበት ጣራ ማዋጣት እንዴት ያቅተዋል? በእርግጥ አንድ ልዩነት አለ። ሞት ለሁሉ ይደርሳል፤ የጣራው ማፍሰስ ግን የሚደርሰው ለላይኛው ብቻ ነው። ስለዚህ የጋራ ቤት ከዕድር ይልቅ የበረታ ምግባር ይፈልጋል፤ ይኸውም የማይነካንን ጉዳት እንደ ራስ ጉዳት መቁጠር ነው። ጌታ በሳምራዊው ምሳሌ እንዳስተማረው፥ ባልንጀራ የሚሆነው በግድግዳ የተዋሰነው ሁሉ ሳይሆን ምሕረት ያደረገው ነው።

ይህም ምግባር በሥራ ይገለጣል። መዋጮው ጣራው ከማፍሰሱ በፊት ይሰበሰብ፤ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ተከራይም ስለሚኖርበት ቤት የመናገር ፈቃድ ይኑረው። መክፈል ለማትችል መበለት ሌላው ይሸከምላት፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። በነህምያ ዘመን የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታደስ ብዙዎች በየቤታቸው አንጻር ያለውን ሠሩ፤ የቴቁሔ ታላላቆች ግን አንገታቸውን ለሥራው ዝቅ አላደረጉም። መጽሐፉም የሠሩትንም ያልሠሩትንም ጽፎ አስቀረ።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በየጊዜው እየሰፉ ነው፤ ከጭቃና ከቆርቆሮው ቤት ጎንም ፎቅ ይቆማል። ከተማ ወደ ላይ ባደገ ቁጥር የአንዱ ወለል ለሌላው ጣራ ይሆናል። ስለዚህ የእነዚህ ከተሞች ሽማግሌዎችና ካህናት፥ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ አስቀድሞ ስለ ማኅበሩ ቢመክሩ መልካም ነው። ሕንጻ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ማርጀት ይጀምራል፤ በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች ስለ እርስ በርሳቸው ማሰብን ካልተዉ ግን፥ በየዘመኑ የሚያድሰው እጅ አያጣም።