ካሜራው የማያየው ሽቦ

በምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮ ዋና መንገድ ዳር አዲስ ፎቅ ሲያልቅ ምድር ቤቱን አብዛኛውን ጊዜ ባንክ ይከራየዋል። ባንኩ ካዝናውንና ጠረጴዛውን ከማስገባቱ በፊት፣ ኮርኒሱ ገና ሳይዘጋ፣ አንድ ቴክኒሻን መሰላል ላይ ወጥቶ ከ305 ሜትሩ ካርቶን የኔትወርክ ኬብል እየሳበ ከገንዘብ ከፋዮቹ መስኮት የመሣሪያዎቹ መደርደሪያ (ራክ) እስካለበት ክፍል ድረስ ይዘረጋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ኮርኒሱ ይገጠማል፣ ግድግዳው ቀለም ይቀባል። ከዚያ ወዲያ ያንን ኬብል ባለሕንፃውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ገንዘብ ሊያወጣ የመጣው ገበሬም አያየውም። በደንብ ቢዘረጋም ቢበላሽም ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው ኮርኒሱ ያው ነጭ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ በደንብ መሥራት ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ የልድያ እረኛ ታሪክ አለ። እረኛው ከምድር ስንጥቅ ውስጥ ቀለበት ያገኛል፤ ፈርጡን ወደ መዳፉ ሲያዞረው ከሰው ዓይን ይሰወራል። ተሰውሮም ቤተ መንግሥት ገባ፣ ንግሥቲቱን አሳተ፣ ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ወሰደ። ታሪኩን የሚያወራው ግላውኮን ሶቅራጥስን የሚሞግተው እንዲህ ብሎ ነው፦ ሁለት ቀለበት ቢኖረንና አንዱን ለደጉ፣ ሌላውን ለክፉው ብንሰጥ፣ የሁለቱ አድራጎት ይለያይ ይሆን? ሰው ደግ የሚሆነው ስለሚታይ ብቻ ቢሆንስ?

ኢትዮጵያ በቅርቡ ይህን ጥያቄ በአንድ ሌሊት ተፈትናበታለች። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከግቢ ወደ ግቢ ተዛመተ፤ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በውድቅት ሌሊት ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ሲነጋ ግን ቀለበቱ ከጣት ወለቀ። ገንዘቡ ከየት ወጥቶ ወደ ማን እንደሄደ መዝገቡ ላይ ነበር። ባንኩ መልሱ አለ፣ ብዙዎች መለሱ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለጠፈ።

የኬብል ዘርጊው ቀለበት ከዚህ ይከብዳል፤ እጁ ኮርኒስ ውስጥ ያደረገውን የሚመዘግብ ምንም የለም።

ነገሩን ለመረዳት አንዱን ኬብል ገልጦ ማየት ይጠቅማል። ውስጡ ስምንት ክሮች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዘዋል። ብርቱካናማው ከነጭ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊውና ቡናማውም እንደዚሁ። ሽቦን በጥንድ መጠምዘዝ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1881 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት ሐሳብ ነው። ጥንዱ ከተጠማዘዘ ከአጠገቡ ካለው የመብራት መስመር የሚመጣው ረብሻ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ያገኛቸዋል፤ ተቀባዩ ጫፍ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ስለሆነ ረብሻው ይጠፋል። የእያንዳንዱ ጥንድ ጥምዝ ከሌላው ጥንድ ትንሽ ይለያል፣ አንዱ የሌላውን ወሬ እንዳይሰማ። መሰኪያው ዘንድ ሲደርስም ጥምዙ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይፈታ መስፈርቱ ያዛል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ርዝመት ብዙም የማይበልጥ ነው።

መሰኪያው ስምንት ቦታ አለው። የቸኮለ ወይም በቅጡ ያልተማረ ሰው ጥንዶቹን በተራ ይደረድራቸዋል፦ 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ 5 ከ6፣ 7 ከ8። ትክክለኛው አደራደር ግን 3ኛው ከ6ኛው ጋር ጥንድ ሆኖ፣ ሌላው ጥንድ 4ኛውንና 5ኛውን ይዞ በመካከላቸው እንዲገባ ይጠይቃል። በተራ የደረደረው ሰው ሁለቱንም ጫፍ እንደዚያው ሠርቶ በርካሹ ቴስተር ሲፈትሽ መብራቶቹ ከአንድ እስከ ስምንት አንድም ሳይቀር ይበራሉ። ቴስተሩ አልዋሸም። የሚጠይቀው እያንዳንዱ ሽቦ ከዚያኛው ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው፤ ከጥንዱ ጋር ተጠማዝዞ ይምጣ ከባዳ ጋር አይለይም። ኮምፒውተሮቹ ይበራሉ፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ርክክቡ ይፈረማል። ችግሩ የሚወጣው ሥራ በሚበዛበት የገበያ ቀን ነው፤ መስመሩ ይንተባተባል፣ ይቆማል፣ ተመልሶ ይነሣል።

ያን ጊዜ መስኮቱ ላይ «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ይምጡ» ይባላል። ልጃቸው ከሳዑዲ የላከችላቸውን ገንዘብ ሊያወጡ ከዶባ የመጡት አባት ወደ ታክሲ ተራ ይመለሳሉ። የሂርና ወይም የገለምሶ ጫት ነጋዴ ደግሞ የያዘው ሸቀጥ እስከ ነገ የማይቆይለት ስለሆነ ገበሬውን በዱቤ ይለምናል። ሁለቱም የሚያማርሩት ቴሌን ነው። ጥፋቱ ቴሌ ጋ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ፋይበር በጥሶም ሊሆን ይችላል። ከራሳቸው አናት በላይ ሦስት ሜትር ላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ፣ አንድ ሰው ከዓመት በፊት የፈታው ጥንድ ሊሆን መቻሉን ግን አይጠረጥሩም። በዚህ በኩል ከፕላቶ እረኛ የባሰ ነገር አለ። ንጉሡ ሲገደል ቢያንስ ሬሳ ተገኘ። እዚህ በዳዩ ብቻ ሳይሆን በደሉም ተሰውሯል፤ ተበዳዩ መበደሉን አያውቅም።

አለማወቅ ይቅር ይባላል፤ ተምሮ ይታረማልና። ከዚህ የሚከፋው እያወቁ የሚደረገው ነው። ገበያ ላይ ካርቶኑ «ካት 6» የሚል የደረጃ ስም የያዘ፣ ውስጡ ግን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል አለ። የክሩን ጫፍ በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ከቀዩ ሥር ነጭ ብቅ ይላል፤ ካርቶኑም ሲነሣ ይቀላል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ነው፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። የካት 6 መስፈርት ንጹሕ መዳብ ይጠይቃል። ካርቶኑን የገዛው ሰው ይህን ያውቃል፤ ቢላው በእጁ ነው።

ፋይበርም የራሱ ፈተና አለው። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም መስታወቱ ከተጣራ ብርሃን በቀጭን ክር ውስጥ ሩቅ መጓዝ እንደሚችል በ1966 እ.ኤ.አ. ጻፉ፤ ካኦ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የዛሬው ፋይበር መስታወቱ 125 ማይክሮ ሜትር፣ የፀጉር ያህል ነው። ረጅም ርቀት በሚሄደው ዓይነት ውስጥ ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት 9 ማይክሮ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ብርሃኑም ለዓይን አይታይም። ሁለት ክሮች ሲበየዱ ላስቲካቸው ይገፈፋል፣ በአልኮል ይጠረጋሉ፣ ጫፋቸው ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። ተቆርጦ የሚወድቀው ስባሪ ሲወድቅ አይሰማም፣ ምንጣፍ ላይ አይለይም፣ ቆዳ ውስጥ ግን ይገባል። ጠንቃቃ ባለሙያ እያንዳንዷን ስባሪ ለቅሞ ክዳን ባለው ጠርሙስ ያጠራቅማል። ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ተነጥፎ ጫት በሚቃምበት፣ እጅ ከወለል ወደ አፍ በሚመላለስበት አገር ያች ጠርሙስ ትልቅ ነገር ናት። ስባሪውን ትቶ ለሚሄድ ሰው ግን ጠያቂ የለበትም።

ጠያቂ የሌለበት ሥራ ወደ ሃይማኖት ይወስደናል፤ ሽቦና ሃይማኖት ግን በዚህ አገር ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራ የተጀመረው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው።  እንደሚነገረው፣ ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት ነበሩ። ሥልጣኔ ጠል ተብለው ሲሳቅባቸው ኖሯል። ፍርሃታቸው ቦታውን ሳተ እንጂ ሽቦ የሃይማኖት ጉዳይ ነው ማለታቸው ልክ ነበር። ጉዳዩ በሽቦው ውስጥ ከሚያልፈው ድምፅ ይልቅ ሽቦውን ከሚዘረጋው እጅ ጋር ነው።

በምዕራብ ሐረርጌ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ በአሰቦት ተራራ ላይ ደግሞ የአቡነ ሳሙኤል ገዳም አለ። በመድረሳም በሰንበት ትምህርት ቤትም ልጆች የሚማሩት አንድ የተዘጋ ቤት ታሪክ አለ፤ የዮሴፍ፣ የነቢዩ ዩሱፍ። ባሪያ ሆኖ በተሸጠበት ቤት የጌታው ሚስት ትፈልገዋለች። በኦሪት ዘፍጥረት 39ኛው ምዕራፍ በቤቱ ሰው የለም፤ በሱረቱ ዩሱፍ በሮቹ ተዘግተዋል። የሚያይ የለም፣ እሱም እምቢ ይላል። ምክንያቱን ሲናገር ግን እግዚአብሔርን ብቻ አይጠራም። በኦሪቱ ጌታው ያለውን ሁሉ በእጁ እንዳስረከበው ያነሣል። በቁርኣኑም በአላህ ከተጠበቀ በኋላ መኖሪያውን ያሳመረለትን ያነሣል፤ ብዙ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) ይህን የቤቱ ጌታ ነው ይላሉ። ዮሴፍ በዚያ ቤት ውስጥ ያሰበው ከላይ የሚያየውን አምላክና በቦታው የሌለውን፣ አምኖት የሄደውን ሰው ነው።

ሁለቱን አብሮ መያዙ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አሠሪ ሲያይ ብቻ መትጋትን ይነቅፋል። በጂብሪል ሐዲስም ከእስልምናና ከኢማን ቀጥሎ የሚመጣው ኢሕሳን በአላህ እይታ ሥር መሆንን አውቆ ማምለክ ነው። ትምህርቱ እውነት ነው፤ አጉል ከተያዘ ግን አምላክን ወደ ደኅንነት ካሜራ ያሳንሰዋል። ስለሚታይ ብቻ የሚታረም ሰው፣ የሚያየው ሰማይ ላይም ይሁን ምድር ላይ፣ ለግላውኮን ጥያቄ መልስ የለውም። የዮሴፍ መልስ ከዚያ ያልፋል፦ ሰውየው እዚህ የለም፣ ስለሌለም ነው የማልከዳው።

ካሜራ ከተነሣ፣ ኬብል ለሚዘረጉት ቴክኒሻኖች ዛሬ ከሚሰጣቸው ሥራ ብዙው ካሜራ መግጠም ነው። ባለሱቁ ሠራተኛውን፣ ባንኩ ደንበኛውን፣ ሆቴሉ ኮሪደሩን ሊያይ ይፈልጋል። የካሜራው ምስልና ኃይል የሚሄድበት ኬብል ግን የተዘረጋው ካሜራው ከመኖሩ በፊት፣ ማንም በማያይበት ሰዓት ነው። ኬብሉ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ ኃይል ሲጫንበት ይሞቃል፣ ካሜራውም ሌባው በመጣበት ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ሰውን ባለማመን የተገዛው ዓይን ሁሉ አንድ ያልታየ ሰው ታማኝ ሆኖ በመገኘቱ ላይ ቆሟል።

ኅሊና ላይ ከመንጠልጠል ጠንካራ ምርመራ ይሻላል የሚል ሰው አለ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለም። ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው የሚያልፈውን ረብሻ፣ የሽቦውን ተቃውሞና ርዝመት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ የተሳሳተውን ጥንድ ወዲያው ያጋልጣል። በግድግዳ ውስጥ የሚቀረው መስመር ከ90 ሜትር እንዳይበልጥ የሚለውን ደንብም ያስከብራል። በየሕንፃው ቢገባ መልካም ነው። መሣሪያውን የሚይዘው ግን ያው ሰው ነው። አንዱን ጥሩ መስመር አርባ ጊዜ ለክቶ አርባ የተለያየ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ሌላ ተቆጣጣሪ ቢቆምበት ያንንስ ማን ይቆጣጠረዋል? ምርመራ በተደራረበ ቁጥር መጨረሻው ላይ ብቻውን የቆመ ሰው መኖሩ አይቀርም።

በደሉን ሁሉ መሰላል ላይ ለወጣው ልጅ መጫን ግን ግፍ ነው። የሙሉ ሥራውን ዋጋ ከንጹሕ መዳብ ኬብል መግዣ በታች አውርዶ የሚደራደር ባለሕንፃ አሉሚኒየሙን በራሱ እጅ ገዝቷል። ላቡ ሳይደርቅ ዋጋውን ስጡት የሚለው የነቢዩ ትምህርትና የተቀማ ደሞዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል የሚለው የያዕቆብ መልእክት ለእሱም ነው የተነገሩት። ባለሕንፃው ቢላ ይዞ አንዱን ክር ፋቅ ማድረግ አያቅተውም። አይቶ ዝም ካለ፣ ከዶባ የመጡትን አባት ከመለሷቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ሊደረግ የሚገባው ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ከመጨረሻው ክፍያ ላይ ለዋስትና የሚያዘው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከዓመት በኋላ ይለቀቃል፤ የኬብል ጥፋት ደግሞ በሦስተኛው ዓመትም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ርክክቡ ሲፈረም በራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ የኬብሉ ዓይነት፣ የተዘረጋበት ቀን፣ የእያንዳንዱ መስመር ቁጥር፣ በየትኛው ግድግዳ እንዳለፈ፣ የሠራውም ሰው ስም። ቁጥሮቹ በኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ላይ ይጻፉ። በጭሮ ያለው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲና የዞኑ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን የመሰኪያ መግጠሚያውን ክሪምፐር ሲያስይዙ ይህን ወረቀት መጻፍም አብረው ቢያስተምሩ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 17ኛው መስመር ሲቋረጥ የሚመጣው የማይታወቅ ልጅ ኮርኒሱን በሙሉ ሳይነቅል 17ን ፈልጎ ያገኛል፤ ጥያቄ ካለውም የሚደውልለት ሰው አለ።