ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

ይህን ተረት አብዛኞቻችን የምንጠቅሰው ለሰው ነው፤ ለአንደበተ ጣፋጭ አታላይ፣ ለመጠጥ ጓደኛ። ደብረ ታቦር አካባቢ ግን ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚነገረው ለራሱ ለውሃው ቢሆን ያምርበታል።

ጠዋት ገበያ ሲወርዱ ቁርጭምጭሚት ያልደረሰው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጉልበት ይደርሳል፤ የደጋው ዝናብ የሚበረታው ከቀትር ወዲያ ነውና። ፊት የገባው «ኑ፣ ምንም አይል!» ይላል። ሁለተኛው እየሳቀ ጫማውን ያወልቃል፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይከተላሉ። አንዱ እርምጃ ከሌላው የሚከፋው በጥቂቱ ስለሆነ ልመለስ የሚል አይገኝም። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እግር ይህን የሚያውቀው መሃል ላይ ነው። ድፍርሱም ድንጋዩንና ጉድጓዱን ሸፍኖታል። እስከዚህ ድረስ ተረቱ እውነት ነው።

ሁሉም ውሃ ግን አያሳስቅም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሚያሳስቀውንም ድንገት የሚደርሰውንም አየን። የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ በየክረምቱ የሚመጣን ውሃ ደግሞ «የለመድነው ነው» ማለት ይቀናል። ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ድንገት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚቆይ ወንዝ ነው። ዝናቡ የጣለው ከበላይ፣ ደጋው ላይ ነበር።

ለደራሽ ውሃ እንግዲህ ተረታችን ያሳስታል፤ አደጋ ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚመጣ ያስመስላል። በደብረ ታቦር በኩልም የርብና የጉማራ ወንዞች የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው፤ ጫፉ ከ4,100 ሜትር ያልፋል፣ ጣና ሐይቅ ደግሞ 1,800 ገደማ ነው። ታች ወረታ ከተማ ላይ ፀሐይ እየመታ ጉና ላይ በረዶ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ መሻገሪያው ላይ የቆመ ሰው እግሩን ሳይሆን ጉናን ይይ፤ ጠቁሯል ወይ? ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ አረፋና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ወደቀረበው ዳር መውጣት እንጂ መከራከር የለም። እስከ የት ከሞላ እንደማይገባም በደረቅ መሬት ላይ ሳሉ ቢቆርጡ ይሻላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በውሃ የተወሰደን ሁሉ ሞኝ ማለት ግን አልወድም። ማዶ ያልታለበች ላም አለች፣ ልጆች እራት ይጠብቃሉ፣ ጀንበርም እያዘቀዘቀች ነው። የትንሽ ወንዝ ደራሽ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል፤ መጠበቅ ያዋጣል። የት ሆኖ ይጠበቅ? ወዲህ ዘመድ ያለው ያድራል፤ የሌለው በዚያ ዝናብ ሜዳ ላይ ይቆማል። መሻገሪያ አጠገብ አንድ የቆርቆሮ ዳስ ማቆም ገበያተኛውን ተረት ከማስጠናት የበለጠ ሰው ያተርፋል።