ማን ያየዋል?

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የኪስ ገንዘቤን የማገኘው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በመመዝገብ ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ ስሙን ብነግራችሁም ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ዩኒቨርሲቲ ነው። እኔ የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ፤ የስፖርት ክፍሉ ደግሞ ቶሎ የሚተይብ ልጅ ይፈልግ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። ሜዳው ዳር ባለው ጠረጴዛ ሁለት ሆነን እንቀመጣለን። አንዱ ዓይኑን ከኳሷ ሳይነቅል ይጠራል፦ «24 ወረወረች፣ ሳተች፣ ሪባውንድ 32።» ሌላው ቀና ሳይል ላፕቶፑ ላይ ይመታል። ጨዋታው ሲያልቅ ፕሮግራሙ የቁጥር ሰንጠረዡን ያወጣል፦ ማን ስንት ነጥብ አገባች፣ ስንት ሪባውንድ ያዘች፣ ስንት ለጎል የሚሆን ኳስ አቀበለች። ሰንጠረዡ ለሊጉ፣ ለዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ እና ለአካባቢው ጋዜጦች ይላካል። እኔ መቺው ነበርኩ።

የወንዶቹ ጨዋታ ሲሆን ከጎናችን ያለው የጋዜጠኞች ወንበር ይሞላል። አንድ ቁጥር ብሳሳት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ዘወር ብሎ «ያንን አሲስት ለማን ነው የሰጠኸው?» ይለኛል። የሴቶቹ ጨዋታ ሲሆን ግን ያው ጠረጴዛ፣ ያው ወንበር፣ ሰው የለም። ካፖርታችንን የምናስቀምጠው እዚያ ነበር። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ አራት መስመር ይወጣል፤ እነዚያም አራት መስመሮች እኔ ከላክሁት ሰንጠረዥ የተቀዱ ናቸው። ጋዜጣው ጨዋታውን አላየም። ለካ ያየው የእኔን ጣት ነው።

አንድ የጥር ማታ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ጓደኛዬ «ሪባውንድ 23» አለ። እኔ 32 መታሁ። በሚቀጥለው ቀን የዳታ ስትራክቸር ፈተና ስለነበረብኝ ልቤ እዚያ አልነበረም። ፋይሉን ልኬ ላፕቶፑን ስዘጋ 23 ቁጥሯ ልጅ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች መጣች። ሰንጠረዡን አይታዋለች። «የመጨረሻው ሪባውንድ የኔ ነበር» አለችኝ። 14 ነጥብ እና 9 ሪባውንድ ነበር የተጻፈላት። አንድ ቢጨመር 10 ይሆናል፤ ሁለቱም አሥር ሲሞሉ ደብል ደብል ይባላል፣ ለተጫዋች ትልቅ ነገር ነው። ለእሷ ደግሞ የመጀመሪያዋ ይሆን ነበር።

ማስተካከል ይቻል ነበር። ኃላፊውን መጥራት፣ ቪዲዮውን መልሶ ማየት፣ ፋይሉን እንደገና መላክ። በቃ፣ ግማሽ ሰዓት። እኔ ግን ምን አልኳት? «ተልኳል እኮ። ደግሞስ ማን ያየዋል?»

«አያቴ ጋዜጣ ላይ ታየዋለች» አለችና ሄደች። አልተቆጣችም። የትውልድ ከተማዋ ትንሽ ጋዜጣ፣ ርቀው ኮሌጅ የሚጫወቱ የአካባቢውን ልጆች ቁጥር በየሳምንቱ ያትም እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

ይሄ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። ከእኔ ጋር የቀረው ግን ስህተቱ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። የቀረው መልሴ ነው። ምክንያቱም «ማን ያየዋል?» የሚለው የእኔ የስንፍና ሰበብ ብቻ አይደለም። የጋዜጦቹም መልስ እሱ ነው። የሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለምን በቅጡ አይዘገብም ስትሏቸው «አንባቢ የለውም» ይላሉ። ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ትኩረት የሚባል ነገር ዕዳ ሊሆን ይችላል? ወይስ የፈለገ የሚሰጠው፣ ያልፈለገ የሚነፍገው ስጦታ ነው?

ቀላሉ መልስ ስጦታ ነው የሚለው ነው፤ እውነትም አለው። ማንም ሰው ይህን ውደድ ተብሎ አይገደድም። እኔን ክሪኬት ተመልከት ብትሉኝ እተኛለሁ፣ በዚህም ማንንም የበደልኩ አይመስለኝም። ጋዜጣም ወረቀቱ ውስን ነው፣ ገንዘቡ ውስን ነው፣ የሚልከው ሰው ውስን ነው። አንባቢ የሚፈልገውን አትሞ ቢያድር ምን ጥፋት አለው?

እኔም ከተመረቅሁ በኋላ ይህንኑ ክርክር አፌን ሞልቼ ተናግሬዋለሁ። የምሠራው ዜናዎችን በቅደም ተከተል የሚያሰልፍ ሲስተም ላይ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ ባልደረባዬ የሴቶች ጨዋታ ዜና ለምን ከላይ እንደማይመጣ ጠየቀችኝ። «ሰው አይነካውም፣ ዳታው ይኸው» አልኳት። እውነት ነበር፤ ማንም አይነካውም። ከዚያ ዳታውን በሌላ በኩል ሳየው፣ እነዚያ ዜናዎች የሚቀመጡት የስልኩን ስክሪን ስድስት ሰባት ጊዜ ወደ ላይ ካልገፋችሁ የማይታዩበት ቦታ ነበር። ሲስተሙ ያልተነካውን ወደ ታች ያወርዳል። ወደ ታች የወረደውን ሰው አያየውም፤ ያላየውን አይነካውም፤ ስላልተነካ ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። በሙያችን የታወቀ ችግር ነው፦ ላይ ያለ ነገር ላይ ስለሆነ ብቻ ይነካል። መፍትሔውም የታወቀ ነው። ለማታውቁት ነገር ሆን ብላችሁ ከላይ ጥቂት ቦታ ትሰጡታላችሁ። ለጽድቅ አይደለም፤ ካልሰጣችሁት ሰው ይፈልገው አይፈልገው የምታውቁበት መንገድ ስለሌለ ነው። ሳያሳዩ «አንባቢ የለውም» ማለት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። አዘጋጁ የወሰነውን ውሳኔ አንባቢው ላይ ማላከክ።

የአንባቢ ፍላጎት ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ አገር ነው የተነሣው። ከእሷም በኋላ በመጡት ሴት ሯጮች «የሴት ሩጫ ማን ያያል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላውቅም። ሩጫቸው በሬዲዮ ተነገረን፣ በቴሌቪዥን ታየን፣ በጋዜጣ ተጻፈልን፤ እኛም ወደድን።

በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ታሪክ ውስጥ ይህን ከማንም በላይ የሚያሳየኝ አንድ ጋዜጠኛ ነው። ሜል ግሪንበርግ ይባላል፣ የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ሰው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) እስከ 1976 ድረስ የሴት ቡድኖችን በአገር ደረጃ የሚያነጻጽር ሳምንታዊ ዝርዝር በጋዜጣ አይወጣም ነበር። በ1972 የወጣው፣ ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በፆታ እንዳያዳሉ አዝዟል። ቡድኖቹ አሉ፣ ይጫወታሉ፣ ዋንጫም አላቸው። ግን አንድ ግዛት ውስጥ ያለ ሰው ሌላው ግዛት ውስጥ ማን ጎበዝ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ግሪንበርግ ስልክ አነሣ። ከየቦታው አሠልጣኞች ድምፅ እየሰበሰበ በየሳምንቱ ደረጃ ማውጣት ጀመረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አሶሺዬትድ ፕሬስ ዝርዝሩን ተቀብሎ ለአገሩ ጋዜጦች ሁሉ ያደርሰው ጀመር።

አንድ ተራ ዝርዝር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ዝርዝር ካለ «አምስተኛዋ ቅዳሜ ከሁለተኛዋ ትጫወታለች» ማለት ይቻላል። ይህ ዜና ነው። ከዝርዝሩ በፊት ያው ጨዋታ፣ ያው ልጆች፣ ዜና አልነበሩም። ግሪንበርግ አንባቢ እስኪመጣ አልጠበቀም፤ አንባቢ የሚይዘው ነገር አበጀለት።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ። በ2024 ክረምት የአዮዋዋ ኬትሊን ክላርክ የነጥብ ክብረ ወሰን ልትሰብር ስትቃረብ ጋዜጦቹ በሙሉ ተንጋጉ። የካቲት አጋማሽ ላይ የኬልሲ ፕለምን 3,527 አለፈች፤ «የምንጊዜም» የሚል ርዕስ ተጻፈ። ችግሩ ሊኔት ዉዳርድ ናት። ዉዳርድ ከ1977 እስከ 1981 ለካንሳስ ተጫውታ 3,649 ነጥብ አግብታለች። ያን ጊዜ ግን ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪ የሴቶችን ውድድር አያዘጋጅም ነበር፤ የሚመራው ኤአይኤደብሊው የሚባል ሌላ ማኅበር ነበር። ኤንሲኤኤ በ1981-82 የውድድር ዘመን የሴቶቹን ሻምፒዮና ሲጀምር የቀድሞውን ዘመን ቁጥር ወደ ራሱ መዝገብ አላስገባም። ስለዚህ «ምንጊዜም» የተባለው ከ1981 ወዲህ ማለት ነበር። ከትንሽ ኮሌጅ የወጣችው ፐርል ሙር ደግሞ በ1970ዎቹ 4,061 አግብታለች፤ ክላርክ ኮሌጅ የጨረሰችው በ3,951 ነው።

እኔ ይህን ሳነብ በሙያዬ ቋንቋ ነው የገባኝ። ዳታው አልጠፋም፤ ቁጥሮቹ ተጽፈው ተቀምጠዋል። የጠፋው ሠንጠረዡ ላይ የሚገቡበት ዓምድ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዉዳርድን ስም ያነሡ ጋዜጠኞችም ነበሩ፤ ክላርክ በየካቲት መጨረሻ 3,649ን ስታልፍ ስሟ እንደገና ተጻፈ። ማንሣት የቻሉት ግን ከአርባ ዓመት በላይ በፊት አንድ ሰው፣ ምናልባትም ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጦ፣ እያንዳንዷን ነጥብ በትክክል ስለመዘገበ ነው። ያ ሰው «ማን ያየዋል?» ብሎ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ነው የሐሳቤ መቋጫ። ፍቅር ዕዳ አይደለም። ማንም አንባቢ የሴቶችን ጨዋታ የመውደድ ግዴታ የለበትም፣ ጋዜጣም የፊት ገጹን ለሁሉም እኩል የማካፈል ግዴታ የለበትም። ምስክርነት ግን ሌላ ነገር ነው። ጋዜጣ «የዚህን ከተማ ውሎ እኔ እመዘግባለሁ» ብሎ የቆመ ተቋም ነው። ምስክር ነኝ ያለ ሰው ያየውን መምረጥ ቢችልም፣ ግማሹን ከተማ ጭራሽ አለማየትን ምርጫ ሊለው አይችልም። ምክንያቱም የዛሬ መዝገብ የነገ ማስረጃ ነው። ዛሬ ያልተጻፈላት ልጅ ነገ «ይገባኛል» ለማለት የምትይዘው የላትም። ያኔ ደግሞ «ቁጥርሽ የት አለ?» ትባላለች።

አንዳንዶቻችሁ «ተሸነፉ እኮ፣ ነገሩ አለቀ» ልትሉኝ ትችላላችሁ። በሚያዝያ 2024 ሳውዝ ካሮላይና አዮዋን ያሸነፈችበትን የሴቶች ፍጻሜ በአማካይ 18.9 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን አይቶታል፤ የወንዶቹን ፍጻሜ ወደ 14.8 ሚሊዮን። ከዚያ ወዲህ የሚጽፈው በዛ። ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ከዚህ የምንማረው «ገበያ ሲያመጡ ታዩ» የሚለውን ከሆነ ምንም አልተማርንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ገበያ ያላመጡት፣ በየትንሹ አዳራሽ በ200 ሰው ፊት የሚጫወቱት፣ ዛሬም ከካፖርት ጎን ነው የሚጫወቱት። እንዲያውም ጋዜጦቹ ራሳቸው እየሳሱ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2023 የስፖርት ዴስኩን ዘግቷል፤ ሎስ አንጀለስ ታይምስ በዚያው ዓመት የጨዋታ ሰንጠረዦችን ከሕትመቱ አውጥቷል። ሴቶቹ ማዕዱ ላይ ሲደርሱ ማዕዱ እየተነሣ ነው።

መታየት ብቻውን በቂ እንዳልሆነም በዚያው ሰሞን አይተናል። በመጋቢት 2024 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ የዩሲኤልኤንና የኤልኤስዩን ጨዋታ የመልካምና የክፉ ፍልሚያ አድርጎ አቀረበው። አብዛኞቹ ጥቁር የሆኑትን የኤልኤስዩ ተጫዋቾች ለሴት ልጅ በማይባል ቃል ጠራቸው። ጋዜጣው ቃሉን አውጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ጸሐፊውም እንዲሁ። ትኩረት ተሰጥቷቸዋል፤ የተመሰከረላቸው ግን አልነበረም። ምስክር ያየውን ነው የሚናገረው፣ ከቤቱ ይዞት የመጣውን አይደለም። 23 ቁጥሯም የለመነችኝ ሙገሳ አልነበረም። የያዘችውን ኳስ ያዘች ብለህ ጻፍ ነው ያለችኝ።

ባለፈው ወር ለዚያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ኢሜይል ጻፍኩ። ቀኑን፣ የቀረውን ሰዓት፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጠቅሼ፣ ስህተቱ የእኔ እንደሆነ ነግሬ፣ እንዲታረም ለመንኩ። ድረ ገጹ ላይ አሁንም 14 እና 9 ነው የሚለው። በትሕትና መለሱልኝ። የወንዶቹ ጨዋታዎች ቪዲዮ ከዚያ ዓመት ጀምሮ አላቸው፤ የሴቶቹ አልተቀመጠም። ያለማስረጃ መዝገብ አንነካም፣ ግን በዕለቱ በቦታው የነበረ ጋዜጠኛ ካለ የእሱን ማስታወሻ ልንቀበል እንችላለን አሉ።

ምን ብዬ እንደምመልስላቸው እስካሁን እያሰብኩ ነው። በዚያ ወንበር ላይ የነበረው ካፖርቴ ነው።