የመንግሥት ቦንድና የአበዳሪው ድርሻ

ለመንግሥት ያበደርነው ገንዘብ ቁጥሩ ሳይጎድል ቢመለስልን፣ የተገባልን ቃል በእርግጥ ተፈጽሟል ማለት ነውን?

ቦንድ የብድር ሰነድ ነው። ገዢው አበዳሪ፣ መንግሥትም ተበዳሪ ይሆናሉ፤ ተበዳሪው በየጊዜው ወለድ፣ ቀኑ ሲደርስም ዋናውን ገንዘብ ሊከፍል ይገደዳል። የመንግሥት ብድር ለአምባሰል ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ተከትሎ በመጣው ተጨማሪ ስምምነት፣ ኢትዮጵያ ከኢጣልያ 4 ሚሊዮን ሊሬ እንድትበደር ሲደረግ የሐረር የጉምሩክ ገቢ መያዣ ሆኖ ነበር። የዛሬው ቦንድ ገዢ ግን እንዲህ ያለ መያዣ የለውም፤ የሚተማመነው በመንግሥት ቃል ነው።

ይህ ቃል በሁለት መንገድ ሊጎድል ይችላል። አንደኛው በግልጥ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ለውጭ ገዢዎች የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጦ ነበር፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ሲቀር ዓለም ሁሉ ሰማ፤ አበዳሪዎቹም ለድርድር ቀረቡ።

ሁለተኛው ድምፅ የለውም። በብር የተበደረ መንግሥት ብሩን ቆጥሮ መመለስ አያቅተውም፤ ነገር ግን ዋጋ ሲንር የብሩ ዐቅም ይመነምናል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብዙ ሕዝብ ከደመወዙና ከጥሪቱ ቀንሶ ቦንድ ገዝቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የጋራው ፍሬ ታየ። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የቦንዱ ወለድ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። በሐይቅ ገበያ አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛ የነበረ ገንዘብ ከነወለዱ ተመልሶ እኩሌታውን እንኳ ባይገዛ፣ ድሀው አበዳሪ ከማን ጋር ይደራደራል?

«ወለድ መቀበል ኃጢአት አይደለምን?» የሚሉን ምእመናን አሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1745 ከብድር በራሱ ትርፍ መፈለግን ሲያወግዙ፣ በሌላ ትክክለኛ ምክንያት ተጨማሪ መቀበል እንደሚቻል አልካዱም። ዋጋውን ያጣ ገንዘብ የሚካስበት ወለድ ትርፍ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ቦንድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ የሚታሰርበትን ዘመን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ለቀለብና ለሕክምና የያዘውንም አይንካ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ምክር ሲጠየቁ ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ይግለጡ። ያለ ፈቃድ የተወሰደ ብድር ስሙ ብድር ይሁን እንጂ ጠባዩ የግብር ነው። በሥልጣን ያሉትም የብሩን ዐቅም መጠበቅ ከዕዳቸው አንዱ ክፍል መሆኑን ሊያውቁ ይገባቸዋል፤ አበዳሪው የሰጠው ወረቀት ሳይሆን የድካሙን ዋጋ ነውና።